የአሜሪካ መንግሥት ሲዘጋ የፓርኮቹ ዕጣ

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ኮንግረስ እስከዚያ በጀቱን ካላጸደቀ ወይም ጊዜያዊ ማራዘሚያ ካልሰጠ፣ መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ እንዳያወጡ ሕግ ይከለክላቸዋል። ሕጉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቢሮ ማስዘጋት የጀመረው ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ በ1980 እና በ1981 ጠበቅ አድርገው ከተረጎሙት ወዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሻትዳውን የሚባለው ይኸው ነው።

ጣጣው ቶሎ ከሚደርስባቸው አንዱ በ1916 የተቋቋመው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ብዙው ሠራተኛ ያለ ደሞዝ ቤቱ ይቀመጣል። ሕይወትና ንብረት ለመጠበቅ የግድ የሚያስፈልጉት ሥራ ላይ ይቆያሉ፤ እነሱም ደሞዛቸውን የሚያገኙት መንግሥት ሲከፈት ነው። ቢሮ ይቆለፋል። ተራራና በረሃ ግን በምን ይቆለፋል?

በ2013ቱ የ16 ቀን ሻትዳውን ከ400 በላይ ሥፍራዎች ለጎብኚ ተዘጉ። ዋሽንግተን ውስጥ በዕድሜ የገፉ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች አጥሩን ገፍተው የራሳቸውን መታሰቢያ አዩ። ለፖለቲከኞቹም ካሜራ ፊት መቆሚያ ሆነላቸው። በቱሪስት የሚኖሩት የፓርክ ዳር ከተሞች ግን ገበያቸው ደረቀ። ዩታና አሪዞናን የመሳሰሉ ግዛቶች ከኪሳቸው ከፍለው ፓርኮቻቸውን አስከፈቱ።

ከዲሴምበር 2018 እስከ ጃንዋሪ 2019 ለ35 ቀናት የተሞከረው ተቃራኒው ነው፤ ሠራተኛው ሄደ፣ አብዛኛው በር ክፍት ቀረ። በእኔ ግምት የባሰው ይሄኛው ነው። ካሊፎርኒያ ባለው ጆሹዋ ትሪ ፓርክ ቆሻሻ ተከመረ፣ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ፈሰሰ። መኪና ከመንገድ ወጥቶ በረሃውን አረሰው። በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚያድጉት የጆሹዋ ዛፎች ሳይቀሩ ተቆረጡ። የአካባቢው ሰዎች ሶፍትና መጥረጊያ ይዘው ሽንት ቤት ሲያጸዱ ሰነበቱ። መሥሪያ ቤቱ ለጽዳቱ የመግቢያ ክፍያ ገንዘብ መጠቀም ጀመረ፤ የኮንግረስ ኦዲተሮች በኋላ ሕግ ተጥሷል አሉ። እንዲያም ሆኖ በ2025ቱ የ43 ቀን መዘጋት አብዛኞቹ ፓርኮች እንደገና ክፍት ቆይተዋል።

የሰው አለመኖር የተመቻቸውም አሉ። ፖይንት ሬይስ በሚባለው የካሊፎርኒያ ዳርቻ «ኤለፋንት ሲል» የተባሉ ግዙፍ የባሕር እንስሳት ወደ ሰው መዝናኛው ሲጠጉ ሠራተኞች ሸራ እያራገቡ ይመልሷቸው ነበር። በ2019 ጃንዋሪ የሚያራግብ ጠፋ። በደርዘን የሚቆጠሩ እንስሳት አሸዋው ላይ ሰፍረው ወለዱ፤ አንዳንዶቹ መኪና ማቆሚያው ድረስ ዘለቁ። ሠራተኛው ሲመለስ ግልገሎቹ ገና ይጠባሉ። ስለዚህ ዳርቻው ለእነሱ ተተወላቸው፣ ጎብኚው ከመኪና ማቆሚያው ጠርዝ ቆሞ እንዲያይ ተደረገ።