አንቲቦዲው የያዘው ሆርሞኑን ነው ወይስ ሌላ ፕሮቲን?

ተመራማሪዎች አንድ ሆርሞን በሰውነት ውስጥ የት እንዳለ ለማየት፣ ሆርሞኑን ይይዛል የሚሉትን አንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን) ይጨምሩና የያዘበትን ቦታ በቀለም ያሳያሉ። ግን አንቲቦዲ ሙሉ ፕሮቲን አይለይም። የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ ነው፤ አንዳንዴ ከ5 እስከ 8 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ብትሆን ነው። ይህች ቁራጭ ኤፒቶፕ ትባላለች። ተመሳሳይ ቁራጭ ሌላ ፕሮቲን ላይ ካለ አንቲቦዲው እሱንም ይይዛል። ክሮስ-ሪአክቲቪቲ የሚባለው ይኸው ነው።

ጋስትሪንና ኮሌሲስቶካይኒን የተባሉት ሆርሞኖች ጫፋቸው ላይ ያሉት 5 አሚኖ አሲዶች አንድ ዓይነት ናቸው። ይህን ጫፍ የሚይዝ አንቲቦዲ ሁለቱን አይለያቸውም። እነዚህስ ዘመዳሞች ናቸው። የሚያስቸግረው ዝምድና የሌለው ፕሮቲን ሲመጣ ነው፤ ለምሳሌ የነርቭ ሴልን ቅርጽ የሚደግፈው ኒውሮፊላመንት። አክሰን (ረጅሙ የነርቭ ሴል ክር) ውስጥ በጣም ብዙ ስለሆነ፣ አንቲቦዲው ላላ አድርጎ ቢይዘው እንኳ ደምቆ ሊታይ ይችላል። ተመራማሪውም «ሆርሞኑ እዚህ አለ» ብሎ ይጽፋል።

የተለመደው ማረጋገጫ አንቲቦዲውን አስቀድሞ ከሆርሞኑ ጋር መቀላቀል ነው። ቀለሙ ከጠፋ ውጤቱ ትክክል ነው ይባላል። በእኔ እምነት ይህ ብቻውን በጭራሽ አይበቃም። ሆርሞኑ የአንቲቦዲውን መያዣ ቦታ ስለሚሞላው፣ የተሳሳተው ቀለምም አብሮ ይጠፋል! ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በመጠናቸው ለይቶ አንቲቦዲው የትኛውን እንደያዘ የሚያሳየው ዌስተርን ብሎት የተሻለ ይናገራል። 8 አሚኖ አሲድ ያለው ኮሌሲስቶካይኒን 1 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) አካባቢ ነው፤ የኒውሮፊላመንት ዋና ክፍሎች ግን በጄል ላይ ከ68 እስከ 200 ኪሎዳልተን ገደማ ይታያሉ። እዚያ ከፍታ ላይ መስመር ከወጣ መጠርጠር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የሆርሞኑ ጂን በጠፋበት እንስሳ ላይ መሞከር ነው። እዚያም ያው ቀለም ከታየ፣ አንቲቦዲው የያዘው ሌላ ነገር ነው።