ኢንሱሌሽን ምንድን ነው? ድንጋይ ሙቀት ይይዛል ማለት ብርድ ይከለክላል ማለት አይደለም

«ግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ኢንሱሌሽን ይፈለጋል?» ከጎንደር እስከ ደባርቅ ቤት በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ይህን እሰማለሁ፤ ከባለቤቱም፣ ከግንበኛውም፣ አንዳንዴም ከመሐንዲሱ። ሰሞኑን ደግሞ ደባርቅ ላይ በመሠራት ላይ ስላለ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት አስተያየት የሰጠ ሰው ይህንኑ ጽፎ አነበብኩ። ማስረጃ ያላቸውንም ጨመረበት፦ ድንጋይ ሙቀት ይይዛል፤ የጎንደር ነገሥታት ያለ ፎም ግንብ ገንብተው ኖረዋል፤ ኢንሱሌሽን በረዶ የሚዘንብበት የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ሁለተኛውም እውነት ነው፤ ከእሱ የተወሰደው ድምዳሜ ግን አይከተልም። ሦስተኛው ጨርሶ ስሕተት ነው። ጉዳዩን በዝምታ የማላልፈው ሰዎች የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ባፈሰሱበት ቤት ውስጥ ልጆቻቸውን በብርድ ሲያሳድጉ ስለማይ ነው።

ኢንሱሌሽን ሙቀት ከሞቀው ወገን ወደ ቀዘቀዘው ወገን የሚሄድበትን ፍጥነት የሚቀንስ ነገር ነው። ሙቀት አያመነጭም፤ አያጠራቅምም። ጋቢን አስቡ። ጋቢ የራሱ እሳት የለውም፤ የሚሞቀው የለበሰው ሰው ገላ ነው፤ ጋቢው ያንን ሙቀት ቶሎ እንዳይሄድ ያዘገየዋል። ሰው በሌለበት ወንበር ላይ የተጣለ ጋቢ እንደ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። በረዶ በጋቢ ብትጠቀልሉ በረዶው ቶሎ አይቀልጥም፤ ጋቢው በዚያም ቦታ የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነውና። ሥራውን የሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው ጥጡ ሳይሆን በክሮቹና በአራቱ ድርብ መካከል ታስሮ የቆመው አየር ነው። ቴሌቪዥን ተጠቅልሎ የሚመጣበት ነጭ ፎም፣ ደረቅ ሳር፣ ጭድ፣ የበግ ፀጉር፣ ሁሉም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ አየርን በትንንሽ ክፍልፋይ አስረው እንዳይንቀሳቀስ ያደርጉታል።

ድንጋይ ውስጥ እንዲህ ያለ የታሰረ አየር እምብዛም የለም። ጥቁር ድንጋይ ከነጩ ፎም ጋር ሲነጻጸር ሙቀትን በግምት 40 እጥፍ ያሳልፋል። ስለዚህ ያ የሚመካበት 60 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ሙቀትን የሚያዘገየው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ፎም የሚያዘገየውን ያህል ብቻ ነው። የድንጋዩን ውፍረት አንድ ሜትር ብታደርሱት እንኳ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ፎም አይበልጥም። ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከዚህ የተሻለ ነው፤ የቁጥሩ ልክ እንደ ድንጋዩ ዓይነትና እንደ እርጥበቱ ይለያያል። ይህ ግን የነገሩን መልክ አይለውጠውም።

«ታዲያ ብሎኬት ቀዳዳ አለው፤ አየር ይዟል» የሚሉም አሉ። የብሎኬት ቀዳዳ ትልቅ ነው። በውስጡ ያለው አየር በሞቀው ወገን ወደ ላይ፣ በቀዘቀዘው ወገን ወደ ታች እየዞረ ሙቀቱን ራሱ ያመላልሰዋል። ቀዳዳዎቹን የሚለያዩት የሲሚንቶ ግድግዳዎችም ሙቀቱን በቀጥታ ያሻግራሉ። በዚህ ምክንያት ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ፎም በታች ነው።

አሁን «ድንጋይ ሙቀት ይይዛል» ወደሚለው እንመለስ። ይይዛል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ብዙ ሙቀት ሳይወስድ አይሞቅም፤ ብዙ ሙቀት ሳይለቅም አይቀዘቅዝም። 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ላይ የቀትር ፀሐይ ያሳረፈችው ሙቀት ከውስጥ በኩል የሚሰማው ከአሥር ሰዓታት በላይ ዘግይቶ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ሌሊት የገባው ብርድም እንዲሁ ዘግይቶ ቀን ላይ ይደርሳል። ውጤቱ ግድግዳው የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ብርድ አቀላቅሎ ወደ አማካያቸው ማቅረቡ ነው። ሐሳቡ ሁሉ ያረፈው እዚህች ላይ ነው፤ ድንጋይ የሚሰጣችሁ አማካዩን ነው። አማካዩ የሚመች ከሆነ ቤቱ ይመቻል። አማካዩ ብርድ ከሆነ ድንጋዩ ያንኑ ብርድ በታማኝነት ይዞ ያቆይላችኋል።

ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። በበጋ ቀኑ ከ25 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። የሁለቱ መካከለኛ ጋቢ ለብሶ ለተቀመጠ ሰው አይከፋም። ስለዚህ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ፋሲለደስና ከእሳቸው በኋላ የነገሡት በድንጋይና በኖራ ያሠሯቸው ግንቦች ለዚህ ከተማ አየር ክፉ ምርጫ አልነበሩም። ለዓለም ቅርስነት የበቁት እነዚህ ሕንፃዎች ለጥበባቸው ክብር ይገባቸዋል፤ የኢንሱሌሽን ማስረጃ ሆነው መቅረባቸው ግን አግባብ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ደመናው ለሳምንታት ሳይገለጥ፣ ግንቡ ውስጥ ገብቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ ያሳረፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ድንጋዩ የሚያጠራቅመው ፀሐይ አጥቷልና መዳፉ ላይ የሚመልሰው ቅዝቃዜ ነው።

ደባርቅ ደግሞ ሌላ ነው። ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ አማካዩ በአራትና በአምስት ዲግሪ ይወርዳል። አራት ዲግሪ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በጎንደር የሚበቃውን አማካይ በደባርቅ የማይበቃ የሚያደርገው ይህ ልዩነት ነው። ወደ ስሜን ተራሮች ከወጣችሁ ውርጭ ያለበት ሌሊት ይመጣል። የጎንደርን ቤት ንድፍ እንዳለ ወስዶ ደባርቅ ላይ ማቆም፣ «እዚያ ተመችቶናል» ብሎ መከራከር፣ ይህን ከፍታ መርሳት ነው። ያ አስተያየት ሰጪ የነገሥታቱን ግንብ ለደባርቅ ቤት ምስክር አድርጎ ሲጠራ የዘነጋው ይህን ነው።

ኢንሱሌሽን የፈረንጅ ነው ለሚለው መልሱ በየደጋው መንደር ቆሟል። ሳር ቤት ምንድን ነው? 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በደንብ የተከደነ ደረቅ ሳር ሙቀትን የሚያዘገየው 4 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ የሚያዘገየውን ያህል ነው። ጭቃው ውስጥ የጤፍ ጭድ የሚቦካው በዋናነት እንዳይሰነጠቅ ቢሆንም፣ ጭድ የበዛበት ምርጊት ከድንጋይ ያነሰ ሙቀት ያሳልፋል። የወገራና የጃናሞራ ገበሬ አያቶች ብርዱን የተቋቋሙት በዚህ ነው። ሳሩ ወርዶ ቆርቆሮ ሲወጣ ያጣነው ነገር ስም ስላልነበረው፣ ማጣታችንንም ሳንቆጥረው ቀረን። ቆርቆሮ ከዝናብና ከእሳት ይሻላል፤ በየጊዜው መክደንንም ያስቀራል፤ ሰዎች የመረጡት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው። ከሥሩ ምንም ሳያደርጉ መተዋቸው ነው ጥፋቱ።

ቆርቆሮ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት ነው፤ ለሙቀት መንገድ እንጂ መሰናክል አይሆንም። ደመና በሌለበት የበጋ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። ከውስጥ የሚወጣው ትንፋሽና የወጥ እንፋሎት ያንን ብረት ሲነካ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ታኅሣሥ ላይ፣ ጠብ የሚል ዝናብ ሳይኖር፣ ቆርቆሮው ያፈሳል ተብሎ ሠራተኛ ተጠርቶ ሚስማሩ ሁሉ ሬንጅ ሲቀባ አይቻለሁ። የፈሰሰ ነገር የለም፤ ጣሪያው ሌጣውን ነው። በጋቢ ተጠቅልሎ ራሱን ገልጦ የተቀመጠ ሰው ይበርደዋል፤ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ከስስ ኮርኒስ በላይ ባዶ የተወ ቤትም እንደዚያው ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ገንዘብ ካጠረ መጀመሪያ የሚለብሰው ጣሪያው ነው። ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፍ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም ግድግዳውን በእጥፍ ከማወፈር ይልቅ ለቤተሰቡ ይጠቅማል፤ ዋጋውም ከድንጋዩ፣ ከጫኙና ከግንበኛው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሲነጠፍ ግን በኮርኒሱና በግድግዳው መገናኛ ላይ ክፍተት መቅረት የለበትም፤ እንፋሎቱ በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ቆርቆሮውን ያገኘዋልና።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ጋቢውን ማን ይልበስ የሚለው ጥያቄ አለ። ፎሙ ከድንጋዩ ውጭ ከዋለ ድንጋዩና ቤተሰቡ በአንድ ጋቢ ውስጥ ይገባሉ። በመስኮት የገባው የቀን ፀሐይና የማድቤቱ ሙቀት ድንጋዩ ውስጥ ያድራል፤ ሌሊትም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ያ «ሙቀት ይይዛል» የተባለው ነገር እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ነው። ፎሙ ከውስጥ ከተለጠፈ ድንጋዩ ከጋቢው ውጭ፣ ከብርዱ ጋር ይቀራል፤ ክፍሉ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚታደርበት ቤት ሁለተኛው ይሻላል። ዘወትር ለሚኖርበት ቤተሰብ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ችግሩ ሰው ጥርብ ድንጋዩ ከውጭ እንዲታይለት ይፈልጋል፤ ፍላጎቱም የሚናቅ አይደለም፤ የከተማችን መልክ ነው። መፍትሔው ድንጋዩን ቀጭን አድርጎ ከውጭ፣ ብሎኬቱን ከውስጥ፣ ፎሙን በመካከላቸው ማድረግ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች በየተወሰነ ርቀት በማይዝግ ብረት መያያዝ አለባቸው፤ ካልተያያዙ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የውጪው ድንጋይ ብቻውን ይወርዳል። ይህን ያልተጠየቅሁትን የምናገረው «ፎም ጨምሩ» የሚለውን ምክር ሰምቶ ማያያዣውን የሚዘነጋ ስለሚኖር ነው። የአርማታው ኮለንና ቢም (ቋሚውና አግዳሚው ተሸካሚ) እስከ ውጭ ድረስ ባዶአቸውን ከወጡም ሙቀቱ በእነሱ በኩል ይሾልካል፤ በክረምት ጥቁር ሻጋታ መጀመሪያ የሚታየው በእነዚያ ማዕዘኖች ላይ ነው።

የረጠበ ጋቢ ለብሶ የሞቀው ማንም የለም። ውሃ ከቆመ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚያሳልፍ፣ ዝናብ የገባበት ጭድ ወይም ሳር መከላከያነቱ ያከትማል፤ ከዚያም ይበሰብሳል። ከኮርኒስ በላይ ጭድ ማድረግ ለሚያስብ ሰው ምክሬ ጣሪያው እንደማያፈስ ክረምቱን ጠብቆ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ እንዲያደርገው ነው። አይጥንና እሳትንም ማሰብ ይኖርበታል፤ እኔ ፎሙን እመርጣለሁ።

ነፋስ በሥሩ የሚገባበት ጋቢም አይጠቅምም። በቆርቆሮው ሞገድና በግድግዳው ጫፍ መካከል፣ በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ፍሬም ዙሪያ ያለው ክፍተት ካልተደፈነ የቀረው ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ፤ ክፍተቱን የደፈነ ሰው ቤት ውስጥ ከሰል አያንድድ። በደጋ ማንደጃ አስገብቶ በር ዘግቶ ማደር የቆየ ልማድ ነው። አብዛኛው ሰው የተረፈው ቤቱ በየቀዳዳው ስለሚተነፍስ ነበር። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ አይሸትም፤ ዓይንም አያቃጥልም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። በደንብ የታሸገ ቤት ታስቦበት የተተወ መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ ማንደጃው ደግሞ ደጅ መቅረት አለበት።

ነጩ ፎም ራሱ ይነድዳል፤ ሲነድም ጭሱ መርዝ ነው። ስለዚህ በክፍሉ በኩል ተገልጦ አይቀርም፤ በልስን ወይም በጂፕሰም ቦርድ መሸፈን አለበት። ከጭስ ማውጫ ቱቦ ይርቃል። የኤሌክትሪክ ሽቦም በቀጥታ በፎሙ ውስጥ አይቀበርም፤ ሙቀቱን መልቀቂያ ሲያጣ ስለሚግል፣ አንዳንድ የፕላስቲክ ሽፋንም ፎም ሲነካው ከጊዜ በኋላ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ፣ በቱቦ ውስጥ ያልፋል። ፎሙ ከመነጠፉ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የመስመሩን መንገድ ጨርሶ መውጣት አለበት፤ ከተነጠፈ በኋላ ከመጣ ቆራርጦት ይሄዳል፤ የቆረጠውንም መልሶ የሚሞላ የለም።