የሴት ውሻ የጡት ዕጢና ኤፒጄኔቲክ ምልክቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ ወይም በለገጣፎ ግቢ የምትጠብቅ ሴት ውሻ ዕድሜዋ ገፋ ሲል ሆዷ ሥር እንደ ሽምብራ ያለ ጠጣር ነገር ሊዳሰስ ይችላል። ባልመከነች ውሻ ላይ ከሁሉም ዕጢ በብዛት የሚታየው የጡት ዕጢ ነው፤ በግምት ግማሹ ካንሰር ሆኖ ይገኛል። አሁን ደግሞ «ኤፒጄኔቲክ ምልክት» (ዲኤንኤው ሳይለወጥ ጂን እንዲሠራ ወይም ዝም እንዲል የሚያደርግ ምልክት) የሚለው ቃል መጥቶ ከድሮው ግምት ጋር ተደባልቋል።

«ገና ሽምብራ ታህላለች፤ ትቆይ»

መቆየቱ ነው የሚጎዳት። ዕጢው በመጠኑ የሚመደበው ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ከ3 እስከ 5፣ ከ5 በላይ ተብሎ ነው። እያደገ ሲሄድ በብብትና በብሽሽት ንፍፊት አልፎ ሳንባ የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል። በወር አንድ ቀን ውሻዋን በጎኗ አስተኝቶ ከብብት እስከ ብሽሽት አምስቱንም ጥንድ ጡት በጣቶች መሃል እየያዙ መፈተሽ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ይበልጥ የሚወጣው በኋለኞቹ ሁለት ጥንዶች ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ቸኩሎ ማለፍ አይገባም። የተገኘው በማስመሪያ ተለክቶ ከነቀኑ ይጻፍ።

«ወተት ቋጥሮ ነው»

በቅርቡ ካልወለደችና እንደ እርጉዝም ካላደረጋት፣ ወተት አይደለም። ጡቱ ከቀላ፣ ከጋለና ካመማት ግን ሁለት ነገር ይጠረጠራል፦ የጡት ኢንፌክሽን ወይም ቁጣ የተቀላቀለበት ካንሰር። ይህ ካንሰር እጅግ ፈጣን ነው፤ ቢላም አይረዳውም። በአንቲባዮቲክ ካልተሻላት መርፌውን መደጋገም ሳይሆን ናሙና መውሰድ ነው የሚሻለው።

«በጋለ ብረት ቢተኮስ ይደርቃል»

የሚቃጠለው ቆዳው ነው፤ ዕጢው ከሥር እንዳለ ነው። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ሐኪሙ ሊሰፋው የሚፈልገው ጤናማ ቆዳ ይጠፋል፣ ለምርመራ የሚሆነው ሥጋም አብሮ ይበስላል።

«አንዴ ብትወልድ አይነካትም»

መውለድ አይከላከልላትም። የሚረዳው ቀድሞ ማምከን ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ ጥናት ካልመከነች ውሻ ጋር ሲነጻጸር ስጋቱ ከመጀመሪያው የስሪያ ወቅት በፊት ለመከነችው 0.5 በመቶ፣ ከአንድ በኋላ 8 በመቶ፣ ከሁለት በኋላ 26 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። ብዙዎች «ከመቶ ውሾች 8ቱ ይታመማሉ» ብለው ያነቡታል፤ ስህተት ነው፣ ንጽጽር እንጂ ቆጠራ አይደለም። በ2012 የተደረገ ግምገማም ማስረጃው ሲታመንበት የኖረውን ያህል ጠንካራ እንዳልሆነ አመልክቷል። የሴቶችን የወሊድ መከላከያ መርፌ ለውሻ መውጋት ግን በተቃራኒው ነው የሚሠራው፦ በውስጡ ያለው ፕሮጀስትሮን መሰል ሆርሞን የውሻ ጡት ራሱ የእድገት ሆርሞን እንዲያመነጭ ያነሳሳል፣ ማህፀኗም መግል እንዲቋጥር ያጋልጣል።

«ኤፒጄኔቲክ ማለት ጂኗ ተበላሽቷል ማለት ነው»

በግዕዝ የዜማ መጽሐፍ ከፊደሉ በላይ ድፋት፣ ጭረት፣ ይዘት የሚባሉ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። ቃሉን አይለውጡትም፤ እንዴት እንደሚዜም ግን የሚነግሩት እነሱ ናቸው። እዚህም እንደዚያው ነው። የዲኤንኤው ፊደል ሳይነካ፣ በላዩ የሚለጠፈው ነገር ጂኑ ይነበብ ወይስ ዝም ይበል የሚለውን ይወስናል። በብዛት የተጠናው ሜቲል የተባለች ቅንጣት ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱ በሆነው ሳይቶሲን ላይ መለጠፏ ነው፤ ዲኤንኤው የሚጠመጠምባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖችና ማይክሮ አርኤንኤ የተባሉ ጂን የሚቆጣጠሩ አጫጭር ሞለኪውሎችም አብረው ይጠናሉ። በካንሰር ሴል ውስጥ በአጠቃላይ ሜቲል ይቀንሳል፤ እድገትን የሚገቱ ጂኖች መነሻ ላይ ግን ሊበዛ ይችላል፣ ያኔ ልጓሙ ይጠፋል። ስለዚህ «ሜቲል በዛ» ወይም «አነሰ» ብሎ ማቆም ትርጉም የለውም፤ ቁም ነገሩ የት ላይ የሚለው ነው።

«ምልክቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል ከተባለ፣ ምግቧን ብንቀይር ይጠፋል»

ይመለሳል ማለት በመርህ ደረጃ መድኃኒት ሊነካው ይችላል ማለት ነው። ለሰው የደም በሽታ የሚሰጡ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ የውሻ የጡት ዕጢ መደበኛ ሕክምና ግን አሁንም ቀዶ ጥገና ነው። በለጋ ዕድሜ ከመወፈር መጠበቅ መልካም ነው፤ የወጣውን ዕጢ ግን ምግብ አያሟሟውም።

«ለቡችሎቿም ለሰፈር ውሾችም ይተላለፋል»

እንደ ተላላፊ በሽታ አይጋባም። ከውሻ ወደ ውሻ በስሪያ የሚጋባው ሌላ ዕጢ ነው፤ ብልት ላይ የሚወጣና የሚደማ፣ የካንሰሩ ሴል ራሱ የሚሸጋገርበት። እሱ በመርፌ መድኃኒት በደንብ ይድናል። ሁለቱን ማምታታት ሕክምናውን ያሳስታል።

«ናሙናው እንዴትም ቢቀመጥ ያው ነው»

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ዕጢው ክፉ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው አሁንም በማይክሮስኮፕ የሚታየው ሥጋ ነው። ከመደብር የሚገዛው ፎርማሊን 37 እስከ 40 በመቶ ነው፤ አንድ እጁ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ይቀላቀላል፣ ባፈር (አሲድነቱን የሚያረጋጋ ጨው) ቢታከልበት ይመረጣል። ለአንድ እጅ ሥጋ አሥር እጅ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ትልቅ ዕጢ እንደ ዳቦ በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ግን አይለያይም፤ አለዚያ ፎርማሊኑ መሃሉ ሳይደርስ ውስጡ ይበሰብሳል። በሃይላንድ ጠርሙስ አፍ ተገፍቶ የገባ ሥጋ ከጠነከረ በኋላ አይወጣም፤ አፈ ሰፊ ዕቃ ይፈለግ።

ለሜቲል ምርመራ የሚሆነው ናሙና ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባይሰልፋይት የተባለው ኬሚካል ሜቲል የሌለውን ሳይቶሲን ዩራሲል ወደተባለ ሌላ ፊደል ይለውጣል፣ ሜቲል ያለውን ይተወዋል፤ ልዩነቱ በዚህ ይነበባል። ነገር ግን ራሱ ዲኤንኤውን ይቆራርጣል፤ ፎርማሊን ውስጥ ለሳምንታት የቆየ ሥጋም አስቀድሞ ተቆራርጧል። ስለዚህ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ወደ 70 በመቶ አልኮል ማዛወር፣ ለጥናት ከሆነ ደግሞ ትንሽ ቁራጭ ወዲያው አቀዝቅዞ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ማስቀመጥ ይገባል። ከዚያችው ውሻ ከጤናማ ጡቷ የተወሰደ ቁራጭ ካልተጨመረ ማነጻጸሪያ የለም፤ ምልክቱ ከሥጋ ሥጋ፣ ከዕድሜ ዕድሜ ይለያያልና። በአንዲት ውሻ ላይ ሦስት ዕጢ ቢኖር አንዱ ክፉ፣ ሁለቱ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ቢሾፍቱ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ይሁን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ሲላክ፣ እያንዳንዱ በየዕቃው ሆኖ «ቀኝ፣ አራተኛ ጥንድ» ተብሎ በእርሳስ ይጻፍበት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በፎርማሊንና በአልኮል ይለቃል።