የአደራ ድመቶች በሐረር

የአደራ ድመት የምትባለው ከጎዳና፣ ከፍሳሽ ቦይ ወይም ከሞተች እናቷ ጉያ ተነሥታ፣ ቋሚ ቤት እስክታገኝ ድረስ በአንድ ሰው ቤት የምትከርም ድመት ናት። አሳዳሪው ባለቤት አይደለም። ያጠባል፣ ያጸዳል፣ ያሳክማል፣ ከሰው ጋር ያላምዳል፤ ግልገሏ ስምንት ወይም አሥር ሳምንት ሲሞላት ለሌላ ሰው አስረክቦ ባዶ ካርቶን ይዞ ይመለሳል።

በአውሮፓ ይህ ልማድ ከትልልቅ መጠለያዎች ጋር የተሳሰረ ነው። ዛሬ በባተርሲ ሰፈር የሚገኘው የለንደኑ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1860 ለውሾች ተመሥርቶ ከ1883 ጀምሮ ድመቶችንም መቀበል ጀመረ። ብዙ ድመት በአንድ ጣራ ሥር ሲታጎር በሽታ ቶሎ ይዛመታል፤ ጡት ያልጣሉ ግልገሎች ደግሞ ሌሊት የሚነሣላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ እንዲህ ያሉ መጠለያዎች ትንንሾቹን ወደ ግለሰብ ቤት ያወጣሉ። በሐረር ግን ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ከሚያልቅበት ነው፤ መጠለያው ራሱ የሰው ቤት ነው፤ ያውም አንዲት ክፍል፣ አንዳንዴም ከአልጋ ሥር ያለ ካርቶን።

ቃሉን ከውጭ መፈለግ አላስፈለገም። በአደራ የተቀመጠ ነገር አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ባለቤቱ ሲመጣ እንዳለ ይመለሳል። የድመቷን አደራ ልዩ የሚያደርገው አስቀማጩም ተረካቢውም አለመታወቃቸው ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል ተረቱ። ግልገሏን ወድዶ ማስረከብ ያቃተውን አሳዳሪ ጓደኞቹ እየሳቁ «አደራ በላ» ይሉታል። ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ሦስት አደራ የበላ ቤት አራተኛዋን ለመቀበል ቦታ የለውም።

ከተማውና ድመቶቹ

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ ጁገል፣ ስፋቱ 48 ሄክታር ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮች እንዳሉት ተጠቅሷል። ለሰው እየተጠማዘዘ የሚያደናግር የጠባብ መንገድ ድር ነው፤ ለድመት ግን ጣራ ከጣራ፣ አጥር ከአጥር የተያያዘ አንድ ሰፊ ቤት ነው። ይህ ነገር ኋላ ስለ ማስረከብ ሲነሣ ተመልሶ ይመጣል።

ድመቶቹን በብዛት ማየት የሚፈልግ ጊድር መጋላ ወደሚገኘው ሥጋ ተራ ይሂድ። ከላይ ጭልፊቶች ይዞራሉ፤ ሥጋ ገዝቶ የሚወጣ ሰው ፌስታሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ይራመዳል፤ የዘነጋ እንደሆነ ጭልፊቷ ተወርውራ ከእጁ ትመነትፈዋለች። ከታች ድመቶቹ ተቀምጠዋል። አይሻሙም፣ አይጮኹም፤ ልኳንዳው ጅማቱን ከቢላዋው ሲያራግፍ የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቁ ይመስላሉ። ጭልፊቷ በአየር ላይ የጣለችውንም የሚያነሡት እነርሱ ናቸው።

ከተማዋ ለድመት የምታሳየው መታገሥ ሃይማኖታዊ መሠረትም አለው። በእስልምና ድመት ንጹሕ እንስሳ ናት፤ ከነካችው ውኃ ዉዱእ፣ ማለትም የሶላት ትጥበት፣ ማድረግ ይቻላል። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የሚታወቁበት አቡ ሁረይራ የተባለው ስም የድመት ግልገል አባት ማለት ነው። ድመት አስራ ሳታበላት፣ የምድር ነፍሳት እንኳ ለቅማ እንዳትበላ ሳትለቃት ስለ ገደለቻት ሴት ቅጣት የሚናገረውን ሐዲስ የሐረር ልጅ ከልጅነቱ ይሰማዋል። ክርስቲያኑ ጎረቤት ደግሞ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እያለ ያማታል፤ ግን ከእርሱም ደጅ አትጠፋም፤ ውሮ ተብላ ትጠራለች። ለጅቡ ትርኢት ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ በመንገዱ ላይ ስንት ድመት እንደተሻገረ ልብ አይልም።

እንግዲህ ሐረር ድመት ማብላት አስቸግሯት አያውቅም። የጎደለው ሁለተኛው ግማሽ ነው። ቁራሽ የሚወረውር እጅ ብዙ ነው፤ የታመመችውን አንሥቶ የሚያስገባ፣ ከዚያም ቤት ፈልጎ የሚያስረክብ ግን ጥቂት ነው።

ግልገል የማይጠፋበት ምክንያት በከፊል የፀሐይ ነው። ድመት ለመራቢያ የምትነሣሣው ቀኑ ሲረዝም ነው፤ በሰሜን አገሮች ቀኑ የሚያጥርበት የብርድ ወቅት ሲገባ ታቆማለች። ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የመውለጃ ወቅት የሚባል ነገር አይታይም። እርግዝናው 9 ሳምንት ገደማ ነው፤ ሴቷም ገና በአራትና በአምስት ወሯ ልትፀንስ ትችላለች። በሐምሌና በነሐሴ ወደ አሳዳሪዎች የሚመጡት የሚበዙት ዝናቡ ቦዩን ሞልቶ የተደበቁትን ስለሚያወጣ ነው።

ከማንሣት በፊት

ብዙ ግልገል የሚወሰደው በስሕተት ነው። እናት ድመት ምግብ ፍለጋ ለሰዓታት ልትርቅ ትችላለች። ልጆች «እናት የላቸውም» ብለው በካርቶን ያመጧቸው ግልገሎች ሆዳቸው ሞልቶ፣ ፀጉራቸው ተልሶ፣ ጸጥ ብለው ከተኙ እናታቸው አለች። ከሩቅ ሆኖ ግማሽ ቀን መጠበቅ፣ ከዚያ መወሰን። የሚጮኹ፣ የቀዘቀዙና የተቆሻሹ ከሆኑ ብቻ ይነሣሉ። የሰው ሽታ የነካውን እናት ትጥለዋለች የሚባለው ለድመት አይሠራም፤ ወደ ቦታቸው መመለስ ይቻላል።

ሌሊቱ

ስትወለድ 100 ግራም ገደማ የምትመዝን ግልገል በሳምንት ወደ 100 ግራም መጨመር አለባት። የወጥ ቤት ሚዛን የሌለው የቅመማ ቅመም ነጋዴ ጎረቤቱን ይለምናል። ዓይኗ የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። እስከ ሦስተኛው ሳምንት የገዛ ሙቀቷን መጠበቅ አትችልም፤ ሙቅ ውኃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጎኗ ይደረጋል። ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ይልቁንም ሙቀቷን ይወስድባታልና መለወጥ አይዘነጋም።

ዋናው ሕግ የቀዘቀዘች ግልገል አትመገብም የሚለው ነው። አፏ ሲነካ ቀዝቃዛ ከሆነ ሆዷም አይሠራም፤ ወተቱ ውስጥዋ ይበላሻል። በመጀመሪያ ደረት ላይ፣ ከጋቢ ሥር። ሞቃ መንቀሳቀስ ስትጀምር ነው ወተቱ ለብ የሚደረገው። የላም ወተት ያስቀምጣታል። ለድመት ግልገል የተዘጋጀው የዱቄት ወተት በቀላሉ ስለማይገኝ ለጊዜው የፍየል ወተት ከእንቁላል አስኳል ጋር ተመትቶ ይሰጣል። መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ፣ ጠብታ በጠብታ። እንደ ሕፃን በጀርባዋ አትንጋለልም፤ በሆዷ ተኝታ አንገቷን ቀና እንዳደረገች ነው የምትጠባው፤ አለዚያ ወተቱ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ከዚህ የሚድኑት ጥቂት ናቸው። በመጨረሻ በሞቀ ውኃ የራሰ ጥጥ ከጅራቷ ሥር ቀስ ብሎ ይታሻል፤ እናቷ በምላሷ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ካልታሸች ሽንቷን መሽናት አትችልም። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይደገማል። የሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ አልቆ ጥጡ ሲጣል የሱብሂ አዛን ሊጠራ ብዙ አይቀረውም።

በባህላዊው የሐረሪ ቤት ከዋናው ክፍል ጎን ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ ዱሮ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት። ለአደራ ድመት ከዚህ የተሻለ ክፍል አላየሁም። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ቀን ቀዝቃዛ፣ ሌሊት ለብ ያለ ያደርጋታል፤ አንድ በር ብቻ ስላላት ግልገል አያመልጥም። ችግሩ ግልገሎቹ እግር ሲያወጡ ነው፤ የነደባው፣ ማለትም ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ፣ ምንጣፍና ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስፌት የሚጠራቸው ይመስላል። ብዙ አሳዳሪ ለቤቱ አሮጊት በስፌቱ ጉዳይ ይቅርታ ጠይቋል።

ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ የግልገሏን ጠባይ ይወስናል። በዚህ ጊዜ የሰው እጅ፣ የሕፃን ጩኸት፣ የባጃጅ ድምፅ የለመደች ከሰው ጋር ትኖራለች፤ ያልለመደች ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሽ ልትኖር ትችላለች። በየቀኑ በተለያዩ ሰዎች መታቀፍ እንደ ምግብ ይቆጠራል።

ምግብ፣ መድኃኒትና በሽታ

በአራተኛው ሳምንት ጥርሷ ወጥቶ ሥጋ ትጀምራለች። እዚህ ላይ የአገሩ ማዕድ ራሱ አደጋ ነው፤ ወጣችን በቀይ ሽንኩርት ይጀምራል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ወጥ የነካው እንጀራ ለአደራ ድመት አይሰጥም። ደረቅ እንጀራም ቢሆን አያሳድጋትም፤ ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። የተቀቀለ የበሬ ወይም የግመል ልብ ተከታትፎ ሲሰጥ ርካሽም ጠቃሚም ነው። ጉበት በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ በየቀኑ ከሆነ በቪታሚን ኤ ይመርዛል።

መጸዳጃዋ የተነፋ አሸዋ የያዘ ሳፋ ነው። ሰጋቱራም ያገለግላል፤ ግን ትንንሾቹ ይበሉታልና እስኪያድጉ ቢቆይ ይሻላል።

የወስፋት መድኃኒት ከሁለት ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል። የኮሶ ትል ከቁንጫ ጋር ስለሚመጣ ቁንጫው ካልጠፋ መድኃኒቱ ከንቱ ነው። ለቁንጫ ግን ለውሻ የተሠራ፣ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም፤ ለግልገል ደጋግሞ በደቃቅ ማበጠሪያ ማበጠር ይበቃል። ፓራሲታሞል በግማሽ ኪኒን እንኳ ድመት ይገድላል። ብዙ ሰው በደግነት የሚሠራው ስሕተት ይህ ነው።

አሳዳሪዎች አብልጠው የሚፈሩት ፓንሉኮፔኒያ የተባለውን የቫይረስ በሽታ ነው። ትላንት ስትጫወት የነበረች ግልገል ዛሬ ታስመልሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ነገ ትሞታለች። ቫይረሱ በክፍል ውስጥ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ሳሙና አይገድለውም። አንድ እጅ በረኪና በ32 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ወለሉ ይታጠባል፤ ጨርቁና ካርቶኑ ይቃጠላል፤ ያልተከተበ ግልገል ወደዚያ ክፍል አይገባም። አዲስ የመጣች ድመት ሁለት ሳምንት ለብቻዋ የምትቆየው ለዚህ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወር ይሰጣል። በኢትዮጵያ በሽታውን በዋናነት የሚያስተላልፈው ውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች፤ የማትታወቅ ድመት የነከሰችው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት የድመት አሸዋ አታጽዳ፤ የቶክሶፕላዝማ ተሐዋሲ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ለመተላለፍ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ስለሚወስድበት ሌላ ሰው በየቀኑ ካጸዳው አደጋው እጅግ ይቀንሳል። «የድመት ፀጉር አስም ያመጣል» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው፤ የሚያስነጥሰው ፀጉሩ ሳይሆን ከምራቋና ከቆዳዋ የሚወጣ ፕሮቲን ነው።

ማስረከብ

ተረካቢ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አቦ፣ ይቺ አይጥ ትይዛለች?» ሁለተኛው «ወንድ ነው ሴት?» ነው። ወፍጮ ቤትና የእህል መጋዘን አዳኝ ይፈልጋል፤ ሁሉም ደግሞ እንዳትወልድበት ወንድ ይፈልጋል። በዚህ የተነሣ ሴቶቹ ይቀራሉ፤ ሦስት ቀለም ያላት ድመት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሴት ስለሆነች በመልኳ ብቻ ተለይታ ትቀራለች። ብርቱካናማው በአብዛኛው ወንድ ነውና ቀድሞ ይወሰዳል። ጥቁሯንም የሚፈልጋት ጥቂት ነው። መፍትሔው ማምከን ነው፤ ግልገሏ አንድ ኪሎ ስትሞላ ሊደረግላት ይችላል። ግን በአገራችን የእንስሳት ሐኪም እጅ በይበልጥ የሠለጠነው በላም፣ በፍየልና በአህያ ላይ ስለሆነ ለትንሽ ድመት ማደንዘዣ የሚለካ ሰው ማግኘት ቀጠሮና ትዕግሥት ይጠይቃል። በቅርብ ያለው ትልቁ የሙያው ትምህርት ቤት የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ጥሩ አሳዳሪም በተራው ይጠይቃል። የአይጥ መርዝ ታስቀምጣላችሁ? የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት አብራ ትሞታለችና። ቤት ውስጥ ስንት ሰዓት ሰው አለ? ውሻው ታስሯል? ሰው ድመት በነፃ እየተሰጠው ሲጠየቅ ይገረማል፤ አንዳንዱም ይቆጣል። መጠየቁ ግን መጥፎውን ቤት በር ላይ ያስቀረዋል፤ በእኔ ግምት ከክትባቱ እኩል ዋጋ አለው። ሲለያዩም የሚባለው «ካልሆነላችሁ ለእኔ መልሱልኝ፣ መንገድ ላይ አትጣሏት» ነው።

ጁገል ውስጥ የሚሰጥ ሰው የጣራውን ነገር ማሰብ አለበት። ሁለት መንገድ አልፎ ለተሰጠ ጎረምሳ ድመት ወደ አሳዳሪው መመለስ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። ተረካቢው ሦስት ሳምንት በር ዘግቶ ማቆየት አለበት፤ አለዚያ ጠዋት በሩን ሲከፍት የምትጮኸውን የሚያገኛት አሳዳሪው ነው። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ድሬዳዋ መስጠት ይመርጣሉ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አየር እንዲገባው ተበስቶ በገመድ የታሰረ ካርቶን ጭን ላይ ተቀምጦ፣ ደንገጎ ላይ መንገዱ መጠምዘዝ ሲጀምር ውስጥ ያለችው ማስመለስ ትጀምራለችና ከመነሣት አራት ሰዓት ቀድሞ ምግብ ይከለከላል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሙቀቱ ይለወጣል፤ የሐረርን ብርድ የለመደች ድመት ለጥቂት ቀን ሲሚንቶ ወለል ላይ ተዘርግታ ትውላለች፣ ምግብም ትቀንሳለች። ተረካቢው ታመመች ብሎ ስልክ ይደውላል፤ ውኃዋን ከጥላ ሥር አድርግ ይባላል።

ያደጉና የሰው እጅ ያልለመዱ ድመቶች ግን በማንም ቤት አይጸኑም። እነርሱ መክነውና ተከትበው ወደተያዙበት ቦታ ይመለሳሉ፤ ዳግመኛ በስሕተት እንዳይያዙ በማደንዘዣው ሰዓት የግራ ጆሯቸው ጫፍ በትንሹ ይቆረጣል። ሥጋ ተራው ውስጥ ተራዋን ስትጠብቅ የጆሮዋ ጫፍ የጎደለ ድመት ካየህ፣ አንድ ሰው ደርሶባታል ማለት ነው።