ቫይራ ቪኬ-ፍሬይበርጋ ከሰማይ ዱብ አላሉም

ቶሮንቶ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻችን አማርኛ አስተምራለሁ። የላትቪያዋን የቀድሞ ፕሬዚዳንት የቫይራ ቪኬ-ፍሬይበርጋን ታሪክ ለወላጆች ባነሳሁ ቁጥር አንድ ዓይነት መልስ ይገጥመኛል። «እሳቸውማ ዕድል ቀንቷቸው ነው። ከካናዳ ሄደው ሥልጣን ላይ ዱብ አሉ» ይሉኛል። ሰልችቶኛል።

ትንንሾቹን ስህተቶች ላስቀድም። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ሕዝብ መረጣቸው» ይባላል። በላትቪያ ፕሬዚዳንት የሚመርጠው ሳይማ የሚባለው ፓርላማ ነው። በ1999 ከ100 መቀመጫ 53 ድምፅ አገኙ።

«በባልቲክ አገሮች (በላትቪያ፣ በሊትዌኒያና በኤስቶኒያ) የመጀመሪያዋ ሴት መሪ ናቸው» የሚሉም አሉ። ሊትዌኒያ ገና በ1990 ካዚሚራ ፕሩንስኪየኔን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጋ ነበር።

«ፕሬዚዳንትነቱ ለወጉ ያህል ነው።» ሥልጣኑ ውስን መሆኑ እውነት ነው። ግን ሥራ በጀመሩበት በዚያው ወር ፓርላማው ያጸደቀውን የቋንቋ ሕግ መልሰው ላኩት። ሕጉም ተሻሻለ።

አሁን ወደ «ዱብ አሉ» ልምጣ። በ1937 ሪጋ ተወለዱ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ቤተሰቡ ከሶቪየት ጦር ሸሽቶ ጀርመን ገባ። ቫይራ ያኔ የ7 ዓመት ልጅ ነበሩ። ሕፃን እህታቸው በስደት ሞተች። ከዚያ ሞሮኮ፣ በ1954 ደግሞ ካናዳ። እዚሁ ቶሮንቶ ቀን ባንክ እየሠሩ ማታ ተማሩ። በ1965 በሥነ ልቦና ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ ከዚያም ሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ለ33 ዓመት አስተማሩ።

በዚያ ሁሉ ዘመን ላትቪያኛቸውን አልጣሉም። ዳይና የሚባሉትን የአገራቸውን አጫጭር የሕዝብ ዘፈኖች ያጠኑ ነበር። ስለ ፀሐይ የተዘፈኑትን ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ኮምፒውተር ላይ አሰባሰቡ። በ1998 ሪጋ ተመልሰው አገሪቱን ለውጭው ዓለም የሚያስተዋውቀውን የላትቪያ ተቋም መሩ። በዓመቱ ፓርላማው በዕጩዎቹ መስማማት ሲያቅተው፣ የየትኛውም ፓርቲ ያልሆኑት ቫይራ ተጠሩ። በ2003 ድጋሚ ሲመረጡ ድምፁ 88 ደረሰ። አገራቸው በ2004 ኔቶና የአውሮፓ ኅብረት ስትገባም መሪዋ እሳቸው ነበሩ። ይህ ሁሉ ዕድል ነው?

ስለዚህ እባካችሁ «ልጄ በ7 ዓመቱ ስለመጣ አማርኛው ጠፋ» አትበሉኝ። ከተማሪዎቼ አንዷ ስትመጣ ከ«ሰላም» በቀር አታውቅም ነበር። አያቷ ማታ ማታ እየደወሉ ተረት ይነግሯት ጀመር። ዘንድሮ ራሷ በአማርኛ ፊደል ደብዳቤ ጻፈችላቸው። እራት ላይ ልጆቻችሁን በአማርኛ አዋሯቸው። ሲሳሳቱ አትሳቁባቸው። ሳምንቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ አውርታችሁ፣ ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከእኔ ተአምር አትጠብቁ።