«ካርቶኑን ራሴ ልግዛውና ልገላገል»፦ ስለ ሚድል ስኩል ሽያጭ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በየዓመቱ መስከረም አጋማሽ ላይ ስልኬ መደወል ይጀምራል። ደዋዩ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ «እኅቴ፣ ይህ ልጅ ከትምህርት ቤት አንድ ካርቶን ሙሉ ቸኮሌት ተሸክሞ መጣ፤ ምን ላድርገው?» ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ በሜሪላንድ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሚድል ስኩል የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ፤ ሁለቱም ልጆቼ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩት እዚያው ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ወላጅ የተወሰነበትን መዋጮ ከፍሎ በሚያበቃበት የትምህርት ቤት ሥርዓት ስለሆነ፣ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ ቸኮሌት፣ ፈንዲሻ፣ የስጦታ መጠቅለያ ወይም ሻማ ሸጦ ለሙዚቃ መሣሪያና ለትምህርታዊ ጉዞ ገንዘብ ያሰባስባል ሲባል ግራ መጋባታችን አያስደንቅም። እኔን የሚያደክመኝ ያንኑ የተሳሳተ ነገር በየዓመቱ ማረም ነው፤ በተለይም አንዱን።

ከቀላሉ ልጀምር። «ሽያጭ ልመና ነው» የሚሉ አባቶች አሉ። አይደለም፤ ገዢው በከፈለው ልክ ዕቃ ይዞ ይሄዳል። ልማዱም ለችግረኛ ልጅ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፤ ገርል ስካውት የተባለው የልጃገረዶች ማኅበር አባላት በኦክላሆማዋ ማስኮጊ ከተማ ብስኩት ጋግረው መሸጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ ዛሬም የሐኪሙም የጽዳት ሠራተኛዋም ልጅ ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ ቆመው ይሸጣሉ። «ካልሸጠ ውጤቱ ይቀነስበታል» የሚለውም መሠረት የሌለው ሥጋት ነው፤ ሽያጩ በፈቃደኝነት የሚደረግ ነው። መጠንቀቅ የሚገባው ካርቶኑን ለመውሰድ ወላጅ የሚፈርምበትን ቅጽ ነው፤ በእኛ ትምህርት ቤት አንዴ የተከፈተ ካርቶን ስለማይመለስ፣ ቅጹን ሳያነብ የፈረመ ወላጅ ያልሸጠውን ሁሉ ከኪሱ ይከፍላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ካርቶኑን ራሴ ልግዛውና ልገላገል፤ ገንዘቡ እንደሆነ ለትምህርት ቤቱ ነው።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር አልችልም። የሚሉትም ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ሌሊቱን በሆስፒታል ወይም በመኪና ማቆሚያ ሲሠሩ አድረው ጠዋት ልጅ የሚያደርሱ፣ ልጃቸው ከእኩዮቹ አንሶ እንዳይታይ የሚሳሱ ወላጆች። የሚያንገበግበኝም ለዚሁ ነው፤ በድካም የተገኘ ገንዘባቸው ይረዳል ብለው ያሰቡትን ሳይረዳ ይቀራል።

ሒሳቡን በግልጽ እናስቀምጠው። በእኛ ትምህርት ቤት አንድ ካርቶን 60 ቸኮሌት ይይዛል፤ አንዱ በ2 ዶላር ስለሚሸጥ ሙሉው ካርቶን 120 ዶላር ያወጣል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ፣ ማለትም 60 ዶላሩ፣ ለአቅራቢው ኩባንያ ይከፈላል። በካታሎግ በሚታዘዙ ዕቃዎችም ቢሆን ለትምህርት ቤት የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው። ስለዚህ 120 ዶላር አውጥታችሁ ካርቶኑን ስትገዙ ትምህርት ቤቱ የሚያገኘው 60 ዶላር ብቻ ሲሆን፣ በቀረው 60 ዶላር የገዛችሁት ፍሪጅ ላይ ተቀምጦ እስከ ገና የሚቆይ ቸኮሌት ነው። ዓላማችሁ ማገዝ ብቻ ከሆነ በኅብረቱ ስም የ60 ዶላር ቼክ ጻፉ፤ ትምህርት ቤቱ ያንኑ ያህል ያገኛል፣ ሌላው 60 ዶላር ከእናንተ ጋር ይቀራል። ኅብረቱ በፌዴራሉ የግብር ሕግ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የታወቀ ከሆነ ደግሞ ቼኩ ከግብር የሚቀነስ ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ ቸኮሌቱ ግን የከፈላችሁትን ዋጋ የሚያህል ዕቃ ስለተቀበላችሁበት እንደ ስጦታ አይቆጠርም። ሠራተኛቸው የሰጠውን ያህል ራሳቸውም ጨምረው የሚሰጡ አሠሪዎች ስላሉ የመሥሪያ ቤታችሁን አስተዳደር መጠየቅም አይከፋም።

እንዲህ ከሆነ ሽያጩ ለምን ያስፈልጋል ለሚለኝ ወላጅ መልሴ ልጁ ነው። እኔም መጀመሪያ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ሳለች ካርቶኑን ሥራ ቦታዬ ወስጄ ሸጥሁላት፤ እርሷ ስንት እንደተሸጠ እንኳ አልጠየቀችኝም። በሚቀጥለው ዓመት አሥር ፍሬ ብቻ ቆጥሬ ሰጠኋትና ቅዳሜ ጎረቤቶቻችን ቡና ሊጠጡ ሲሰበሰቡ እንድትሸጥ ነገርኋት። እጇን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሸሽጋ «ቸኮሌት ይገዙኛል?» ስትል ድምፅዋ አይሰማም ነበር። አንዲት እናት «ገንዘቡ ምን ይሠራል የኔ ልጅ?» ብለው ሲጠይቋት መልሱ ስለጠፋት ዞራ እኔን አየችኝ፤ እኔም እንደምንም ዝም አልሁ። ማታ ከትምህርት ቤት የተላከውን ወረቀት ከቦርሳዋ ፈልጋ አነበበች። በማግስቱ እኒያኑ እናት ደረጃ ላይ ስታገኛቸው «ከሙዚቃ ክፍላችን ክላርኔቶች ሦስቱ ተሰብረዋል፤ ለማሠሪያ ነው» አለቻቸው፤ ሁለት ገዙ። ሳምንት ሳይሞላ አሥሩም አለቁ። የደብተር ቅጠል ላይ ስም፣ ብዛት፣ የተከፈለ፣ ያልተከፈለ ብላ አራት ዓምድ አስምራ መዝግባ ነበር፤ ያልከፈለች አክስቷንም ራሷ ደውላ አስታወሰቻት።

ስለዚህ ለወላጆች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ካርቶኑን ሙሉ አትውሰዱ፤ ከጓደኛው ቤተሰብ ጋር ተካፈሉት። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እስኪችል ድረስ አንድም ፍሬ አይሽጥ። መልስ ሲሰጥ ገንዘቡን ገዢው ፊት ይቁጠር። «አይ፣ አልፈልግም» ሲባል አመስግኖ እንዲሄድ አስተምሩት እንጂ እናንተ ገብታችሁ ገዢውን በይሉኝታ አታስገድዱት። የትዕዛዝ ቅጹን ሥራ ቦታ መውሰድ ካስፈለገም ልጁ ራሱ አጭር መልእክት ጽፎ ያያይዝበት፤ የገዙትንም በእጁ ጽፎ ያመስግን።

ቀጥሎ የሚመጣው «ልጄ የሸጠው ለልጄ ጉዞ ይያዝለት» የሚለው ጥያቄ ነው። ፍትሐዊ ይመስላል፤ በዕቁብ ለኖርን ሰዎች ደግሞ እያንዳንዱ ባስገባው ልክ ማግኘቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከግብር ነጻ የሆነ ኅብረት የጋራ ሥራውን ትርፍ በየልጁ ስም መመዝገብ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የግብር ፍርድ ቤት በቨርጂኒያ በነበረ ካፒታል ጂምናስቲክስ በተባለ የወላጆች ማኅበር ላይ የሰጠውን ውሳኔ እጠቅሳለሁ፦ ማኅበሩ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሸጦ ያስገኘውን ትርፍ ለራሱ ልጅ ክፍያ ማቅለያ ያደርግለት ስለነበር፣ ፍርድ ቤቱ ጥቅሙ ለግለሰቦች ነው በማለት ከግብር ነጻ የመሆን መብቱ መነሣቱን አጽንቷል። ስለዚህ ትርፉ ለሁሉም ልጆች ይውላል፤ የጉዞ ክፍያ ለከበዳቸው ቤተሰቦች የሚደረገው እርዳታም በሸጡት መጠን ሳይሆን በችግራቸው ይወሰናል።

«ሽልማቱ በነጻ ነው» ለሚሉ ልጆች፦ ብዙ የሸጠ ልጅ የሚያገኘው መጫወቻ ወጪው ከሽያጩ ይወጣል፤ ሽልማቱ ይቅርብን ለሚል ትምህርት ቤት ድርሻውን ከፍ የሚያደርጉ አቅራቢዎች አሉ።

«በምሳ ዕረፍት ላይ ይሽጠው» የሚል ወላጅም የፌዴራሉን ደንብ ይወቅ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ከእኩለ ሌሊት አንሥቶ ትምህርት ካበቃ 30 ደቂቃ እስኪሞላ ድረስ በትምህርት ቤት ግቢ ለተማሪዎች የሚሸጥ መክሰስ ከ200 ካሎሪ ሳይበልጥ የስኳርና የስብ ልኩንም መጠበቅ አለበት። ክፍለ ግዛቶች ለጥቂት ሽያጮች ፈቃድ ሊሰጡ ቢችሉም የእናንተ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ያለው ቸኮሌት በዚያ ውስጥ አለ ብላችሁ አትገምቱ።

በኮሚቴ ለምታገለግሉ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። «ትርፋችን ትንሽ ስለሆነ ማስታወቅ አይጠበቅብንም» ማለት ስሕተት ነው። አነስተኛ ድርጅቶች በየዓመቱ ለፌዴራሉ የገቢ መሥሪያ ቤት የሚልኩትን አጭር የኤሌክትሮኒክ ማስታወቂያ ለማቅረብ የተቀመጠው የ50,000 ዶላር ገደብ የሚለካው በትርፍ ሳይሆን የዕቃው ዋጋ ሳይቀነስ በገባው ጠቅላላ ገቢ ነው፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳያስታውቅ የቀረ ኅብረት ከግብር ነጻ የመሆን መብቱን ወዲያውኑ ያጣል።

«ሰፈሩ ሰላም ነው፤ በየበሩ እያንኳኳ ይሽጥ» የሚለውን ስሰማ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 በኒው ጀርሲ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰፈሩ በር እያንኳኳ ሲሸጥ ተገድሏል፤ ያም ሰፈር ሰላማዊ የሚባል ነበር። ልጅ ብቻውን የማያውቀውን ሰው በር አያንኳኳም፤ ከእኩያው ጋርም ቢሆን አያንኳኳም። የሚያውቋችሁ ሰዎች ካለቁ ሽያጩ በቃው።

በመጨረሻም «ሐበሻ አይገዛም» የሚሉ የኮሚቴ ጓደኞች ነበሩኝ። ማስረጃቸው በመጋቢት ወር በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሊሸጥ ተወስዶ ሳይከፈት የተመለሰ ሦስት ካርቶን የወተት ቸኮሌት ነበር። ወሩ ዐቢይ ጾም መሆኑን፣ የሚጾም ሰው ወተት ያለበት ነገር እንደማይቀምስ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ይዞት ሲዞር እናቲቱ እንደምትሸማቀቅ አስረዳኋቸው። በቀጣዩ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ሽያጭ ወደ ጥቅምት አዛወርነው፤ ከካታሎጉም ቅቤ የሌለበትን ፈንዲሻ መርጠን ለቡና ቁርስ ብለን አቀረብነው። ልጆቹ ከቅዳሴ በኋላ ከወላጆቻቸው አጠገብ ቆመው ትዕዛዝ ሲቀበሉ ቅጹ አልቆ ሁለት ጊዜ ፎቶ ኮፒ አስነሥተናል።