ዳዊት ያልማለው መሐላ

ቅዱሳን ሰላም ይብዛላችሁ፣ ዛሬ 2ኛ ሳሙኤል 21ን ገልጣችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ረሃብ ሆነ፣ ዳዊት ጌታን ሲጠይቅ ሳኦል ገባዖናውያንን ስለፈጀ ነው ተባለ። ገባዖናውያንን አንገድላችሁም የሚለውን መሐላ ግን ዳዊትም ሳኦልም አልማሉትም፣ በኢያሱ ዘመን የተማለ ነው። ዳዊት ታዲያ እኔ በሌለሁበት ነው አላለም፣ ሰዎቹን ጠርቶ ምን ላድርግላችሁ፣ በምንስ ላስተሰርይ ብሎ ጠየቃቸው።

ይሄን ሳነብ እንግሊዝ ናት የምትታየኝ። እ.ኤ.አ. በ1917 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ባልፎር ለአይሁድ ሕዝብ በፍልስጤም ብሔራዊ መኖሪያ እንዲኖር እንደግፋለን ብሎ ሲጽፍ፣ እዛው ደብዳቤ ላይ አይሁድ ያልሆኑት የአገሩ ነዋሪዎች የሲቪልና የሃይማኖት መብታቸው አይነካም የሚልም አለበት። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁለተኛው ተረሳ። ከዛ አገሩን በማንዴት (የመንግሥታት ማኅበር በሰጣት የማስተዳደር አደራ) ስም ገዝታ በሜይ 1948 ጥላ ወጣች፣ በዛው ጦርነት 700 ሺህ ያህል ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቀሉ፣ ዛሬ ጋዛ ውስጥ ካለው ሕዝብ አብዛኛው የነሱ ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

ጥፋቱ የእንግሊዝ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሐማስ ኦክቶበር 7 ያፈሰሰውንም ደም ጌታ ያያል፣ ለእስራኤል የምትጸልዩም ጸልዩ እኔም እጸልያለሁ። ግን ኦገስት 2025 ላይ ጋዛ ከተማ ረሃብ ገብቷል ተብሎ በይፋ ሲነገር ያንን ቃል የሰጠ አገር ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። በጁላይ 2025 የዛኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ዴቪድ ላሚ ቃሉ እንዳልተጠበቀ በተባበሩት መንግሥታት ፊት ተናገረ፣ በሴፕቴምበር ደግሞ እንግሊዝ ለፍልስጤም እውቅና ሰጠች። ጥሩ ነው። ግን በ2024 ወደ እስራኤል ለሚላክ የጦር መሣሪያ ከሰጠችው 350 ያህል ላይሰንስ (ፈቃድ) 30 ያህሉን ብቻ አግዳ የኤፍ 35 የጦር ጀት መለዋወጫ በሌሎች አገሮች በኩል እንዲያልፍ የተወች አገር፣ ምን ላድርግላችሁ ብላ ጠየቀች ማለት ይከብደኛል።

የታሪኩ መጨረሻ ከባድ ነው፣ ገባዖናውያን በጠየቁት መሠረት ከሳኦል ዘር ሰባት ሰዎች ተሰቀሉ። እኔ ደም በደም ይመለስ ብዬ አላስተምርም፣ የክርስቶስ ደም በቂ ነው። ግን ሪጽፋን እዩዋት፣ ልጆቿ ከተሰቀሉት ውስጥ ናቸው፣ ማቅ ዓለት ላይ ዘርግታ ቀን ወፍ ማታ አውሬ እንዳይነካቸው ስትጠብቅ ከመከር መጀመሪያ እስከ ዝናብ ቆየች። ዳዊት ይሄን ሲሰማ ነው አጥንታቸውን ሰብስቦ በክብር ያስቀበረው፣ እግዚአብሔርም ስለ ምድሪቱ የተለመነው ከዛ በኋላ ነው፣ ቁጥር 14ን እዩት። የእናትየዋ ልቅሶ ቤተ መንግሥት ድረስ መድረስ ነበረበት። ጋዛም ዛሬ ልጆቻቸውን ከፍርስራሽ ስር የሚፈልጉ እናቶች አሉ፣ እነሱን ማን ይስማቸው?

ጋዛ ደግሞ ለኛ ባዕድ አይደለችም፣ ጃንደረባው ወንጌልን የሰማው ወደዛ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው (ሐዋ 8፥26)። ስለዚ እንግሊዝ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ ለአካባቢያችሁ የፓርላማ ተወካይ ጻፉ፣ የእርዳታ መኪና እንዲገባ፣ የቆሰሉ ልጆች ለሕክምና እንዲወጡ ጠይቁ። ረቡዕ ማታ ጸሎታችን ላይም ይሄንኑ ርዕስ እንይዛለን።